ጣትህ ያረፈባቸው ገጾች

አባዬ፣

ሰው ፊት «እርስዎ» ነበር የምልህ። ቤት ገብተን በሩ ሲዘጋ ብቻ ነበር «አንተ» የምልህ። ይህን የምጽፍልህ በሩን ዘግቼ ስለሆነ አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ። ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ ሁለተኛው ዐቢይ ጾም ገብቷል።

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ደህና እንደሆንክ ቄሶቹ ሁሉ ይነግሩኛል። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ተናድጃለሁ። ከተናደድኩም ሰንብቻለሁ። የምናደድባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ አንዱ አንተ ነህ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ዘንድሮ የላይኛውን ማሳ ገብስ ውርጭ መታው። የመብራት ምሰሶ ከመንገዱ ተነሥቶ እስከ ትምህርት ቤቱ ደርሷል፤ ወደ እኛ ግን አልዞረም። የእናቴ ቀኝ ዓይን ስለደከመ በመርፌ ክር የማስገባላት እኔ ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተውኩት። አቁሚ ያለኝ ሰው የለም። አንተ ከሄድክ በኋላ ከብቱም ማሳውም እናቴ ላይ ወደቀ፤ እኔም አንድ ሰኞ ቀረሁ፣ ማክሰኞም ቀረሁ፣ ከዚያ በኋላ መመለሱን አፈርኩት። ታውቀኛለህ፤ አስተማሪው ስሜን ሲጠራ እንኳ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ነበረች «አለች» የምትልልኝ።

የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ወንድምህ ጋር ነው። ቄስ አድማሱ በአንተ ቦታ ቄሰ ገበዝ ሆኗል፤ የደብሩን መጻሕፍትና ንዋያት የሚጠብቀው አሁን እሱ ነው። አንተ ቁልፉን በአንገትህ አስረህ ከልብስህ ሥር ትደብቀው ነበር። እሱ ወገቡ ላይ ስለሚያንጠለጥለው ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል።

ፎቶህ የለንም። ካሜራ ባየህ ቁጥር ጋቢህን ፊትህ ላይ ትስበው ነበር። የፈጠረኝ መልኬን ያውቀዋል፣ ሌላ ማንን ይጠቅማል ትል ነበር። ይኸው እኛን ይጠቅመን ነበር። የቀበሌ መታወቂያህን ከሳጥኑ ሥር አገኘነው፤ ዝናብ አርሶት ፎቶው ነጭ ሆኗል፣ የቀረው ከዳር ያለው ማኅተም ነው። እናቴ ነጩን እያየች ታለቅሳለች። እኔ ባዶ ወረቀት ላይ ማልቀስ አልሆነልኝም።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። የዩኒቨርሲቲ ሰዎቹ ተመልሰው መጥተው ነበር።

መጀመሪያ የመጡ ጊዜ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ትልቁን ብራና ፎቶ አንሥተው ኮምፒውተር ውስጥ ሊያኖሩት ከደባርቅ በመኪና ቁልቁል ወረዱ። ዲጂታል ላይብረሪ እያቋቋምን ነው አሉ። የየደብሩ ብራና አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ የሚመራመር ሰው ከተቀመጠበት ሆኖ እንዲያነበው፣ የአንዱን ደብር ከሌላው እንዲያስተያየው ነው አሉ። ሽማግሌዎቹ እምቢ አሉ። ዛሬ ፎቶ አንሺ፣ ነገ ሌባ ይመጣል ያለ ነበር። የተሟገትክላቸው አንተ ነህ። ጣሪያው እንደሚያፈስ፣ አይጥ የመጽሐፉን ማኅደር መቀርጠፍ እንደጀመረ፣ አንድ የተረሳ ጧፍ ሁሉን በአንዴ አመድ እንደሚያደርገው እየዞርክ ነገርካቸው። እሺ ያሉህ አንድ ቃል ካስገቡህ በኋላ ነው፤ ከአንተ እጅ በቀር ብራናውን የሚነካ እጅ እንዳይኖር።

ብራና ሲያረጅ ቅጠሉ እየተጠቀለለ ይነሣል። እነሱ ቅጠሉን የሚያስተኛ መስታወት ይዘው መጥተው ነበር። ቃሉ ላይ መስታወት አይጫንም አልካቸው። ነጭ ጓንት ሰጡህ። ክህነቴ ያለው እጄ ላይ ነው እንጂ ጨርቅ ላይ አይደለም ብለህ መለስክላቸው። ከዚያ አጠገባቸው ተንበርክከህ እያንዳንዱን ቅጠል በአውራ ጣትህ ጫን እያደረግህ ያዝክላቸው። እስኪጨርሱ ድረስ በየቀኑ እስከ ማታ እህል በአፍህ አልዞረም። ቤት ስትመጣ ጣቶችህ አይታጠፉም ነበር። ውሃ አሙቄ በሳህን አቀርብልህ ነበር። ዛሬ እስከ የት ሄድክ ስልህ እኔ የትም አልሄድኩም፣ የሄደው መጽሐፉ ነው፣ እኔ ከደጅ እየሸኘሁት ነው ትለኝና ትስቃለህ። ያኔ አብሬህ ስቄያለሁ።

ሲሄዱ ለደብሩ ቅጂውን በሲዲ እንልካለን አሉ። አልላኩም። ደባርቅ በወጣህ ቁጥር ፖስታ ቤት ጎራ ትል ነበር። እናቴ ተዋቸው ስትልህ ሥራ በዝቶባቸው ነው ትላታለህ። ላንተ ሰው ሁሉ ሥራ የበዛበት ነበር። የሚዋሽ ሰው አንተ ባለህበት አገር አልተፈጠረም።

ዘንድሮ ከጥምቀት በኋላ የመጣው ቢኒያም የሚባል ወጣት ነው፤ በላይብረሪው የሚሠራ ነው። ከሾፌሩ ጋር ሆኖ መጀመሪያ ቤት መጣ። ማረፍህን አልሰማሁም ነበር ብሎ አዘነ፣ የእናቴን ጉልበት ሊስም ጎንበስ አለ። እዚህ ድረስ አልጠላሁትም። መደቡ ላይ ተቀምጦ ጠላውን ከቀመሰ በኋላ ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ ከፈተና ብራናውን አሳየን።

አባዬ፣ ፊደሉ ያምራል። እሱን አልክድም። ቢኒያም በጣቱ እየነካ ሲያጎላው የቀለሙ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። ውጭ አገር ያለ ተማሪ ሳይቀር እንደሚያነበው፣ ጸሐፊው የት ቦታ ቀለም እንዳለቀበት ሳይቀር እንደሚያጠና እየተደሰተ ነገረን። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነበር። አንተ የለህም። ጣትህ ያረፈበትን ዳር ዳሩን ቆርጠውታል። «ክሮፕ አድርገነዋል» ነው ያለው፤ ገጹ ንጹሕ እንዲሆን።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ማኅደር ከፈተ። ስሙ «የተበላሹ» ይላል። ጣትህ ጽሑፉ ላይ ያረፈባቸው ገጾች ናቸው። ቢቆርጡት ፊደሉ አብሮ ስለሚቆረጥ ለብቻ አስቀምጠውታል። የመጣውም እነዚህን ገጾች እንደገና ሊያነሣ ነው።

አውራ ጣትህ ነበር፤ ጥፍሩ ለሁለት የተከፈለው። ገብስ ስናጭድ ማጭዱ የቆረጠህ ዕለት አጠገብህ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠቅልዬ ያሰርኩልህ እኔ ነኝ። ጭብጤ ውስጥ የልብህ ምት ይሰማኝ ነበር። አንተ ግን ፊቴ ከጣትህ የባሰ መገርጣቱን አይተህ ነው መሰል፣ የታጨድኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ ምን ሆንሽ ብለህ ቀለድክብኝ። ያ ጣት ነው። ቆዳው፣ የጥፍሩ መሰንጠቅ፣ ሥሩ የገባው የገብስ አፈር ሳይቀር ታይቷል። እጅህን ስንት ጊዜ ታጥበህ ብራናውን እንደነካህ አውቃለሁ፤ ያ አፈር አልለቀቀህም።

እናቴ ጎንበስ ብላ በደህናው ዓይኗ አየችው። ከዚያ ሳታስበው ኮምፒውተሩን ሳመችው። የሚሳም ነገር ላይ እንደምታደርገው፣ ግንባሯን አስነክታ፣ ከዚያ በከንፈሯ። ቢኒያም ደንግጦ «እማማ፣ ስክሪኑ» አለ። ከኪሱ ትንሽ ጨርቅ አውጥቶ የሳመችበትን ጠረገው።

ክፋት እንዳልነበረበት ሰው ሁሉ ይነግረኛል። እኔ ያየሁት ግን መጥረጉን ነው። ከዚያ ጀምሮ ጠላሁት፤ ላይብረሪውንም፣ የሚመራመሩትንም፣ እዚያ ውጭ አገር ተቀምጦ የእኛን ብራና የሚያነበውንም ተማሪ አንድ ላይ ጠላኋቸው። እነሱ የሚያዩት መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉን ቀጥ አድርጎ የያዘላቸው ሰው እንከን ሆኖባቸዋል። አንተም ላይ ተናደድኩ። ምነው መዳፍህን ሁሉ ዘርግተህ ገጹን ከላይ እስከ ታች በሸፈንከው። ያኔ አንተን ሳይቆርጡ አንድም ፊደል አያገኙም ነበር።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሥራ ጀመሩ። እኔ የእጅ መታጠቢያ ውሃ በጀሪካን ይዤ ሄድኩ። ሾፌሩ ከግንቡ ሥር ፀሐይ ይሞቃል። አይዞሽ፣ የአባትሽ ጣት ከእኛ ቀድሞ አውሮፓ ደርሷል አለኝ፤ ሊያስቀኝ ነው። አለፍኩት። ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆምኩ፤ ከዚያ ወዲያ እንደማልገባ ታውቃለህ። ብራናው ከማኅደሩ ወጥቶ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቷል። አጎቴ እጁን ታጥቦ፣ ልብሱን ሰብስቦ ተንበርክኳል፤ አንተ በነበርክበት ቦታ።

ውሃውን አስቀምጬ መመለስ ነበረብኝ። እግሬ እምቢ አለ። አጎቴ ቀና ብሎ አየኝና፦

«ትርንጎ፣ የከበደሽ ጀሪካኑ ነው ወይስ እግርሽ?» አለኝ።

«የአባቴን እጅ አታጥፉት» አልኩ። ከአፌ የወጣው ለራሴም አልተሰማኝም። ደግሜ አልኩት።

ቢኒያም ካሜራውን ትቶ ወደ እኔ ዞረ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ እያለ አስረዳኝ። ለእያንዳንዱ ገጽ ያለው ቦታ አንድ ነው፤ ደህናው ሲገባ የድሮው ይወጣል። በጣትህ ምክንያት አንድ ቃል የጎደለባት አጥኚ ጽፋላቸዋለች፤ ጥናቷ በዚያ ቃል ቆሟል። አጎቴ ከዚያ በላይ አልታገሰም።

«የአምላክን ቃል በወንድሜ ጣት ሸፍኜ ለልጅ ልጅ ላስረክብ ነው የምትይኝ? እሱ ራሱ ቢኖር ምን ይልሽ ነበር?»

ምን እንደምትል አውቃለሁ። ቃሉ ይገለጥ፣ እኔ ማን ነኝ ትል ነበር። ጣትህን ራስህ ታነሣ ነበር። አባዬ፣ ከሁሉ ያናደደኝ ይህ ነው። እኔ ለአንተ ብዬ ከሰው ፊት ቆሜ፣ በሕይወቴ መጀመሪያ ድምፄን አውጥቼ፣ አንተ ከእነሱ ጋር ነህ። ከመቃብርም ሆነህ ሥራ በዝቶባቸው ነው ትላለህ።

«ቃሉን ግለጡት» አልኩ። «እሱን ግን የተበላሸ አትበሉት። ከጧት እስከ ማታ ሳይበላ ይዞላችኋል።»

ቢኒያም የካሜራውን እግር ሲያስተካክል ቆየ፤ የሚስተካከል ነገር አልነበረውም። አጎቴ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ፎቶዎቹን አይቷቸው አያውቅም፤ እናሳይዎ ቢሉትም እምቢ ብሎ ነበር። አሁን ኮምፒውተሩን እንዲያመጣለት ጠየቀ። ሳይነካው፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ በአንድ አያቸው። ሲጨርስ ወደ ደጃፉ መጥቶ እጁን ዘረጋና ውሃ አፈሰስኩለት። የታጠበ እጁን እንደገና ታጠበ። ፊቱን አላየሁትም፤ ጎንበስ ብሎ ነበር።

ከዚያ ተመልሶ ተንበረከከና ቢኒያምን ቀጥል አለው። ትንሽ ቆይቶ፦

«ስሙን ግን ፋቀው» አለው። «ወንድሜን ከጥራጊ አትቁጠርብኝ።»

«ታዲያ ምን ልበለው፣ አባ?»

አጎቴ ወደ እኔ አየ። የምናገረው ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። «ስሙን ጻፍበት» አልኩ። ቢኒያም «የተበላሹ» የሚለውን አጥፍቶ ስምህን ጻፈ። በጸሎቱ ጸ ነው በፀሐዩ ፀ ብሎ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

ከዚያ ገጾቹን አነሡዋቸው። አጎቴ ቅጠሉን የያዘው በጥፍሩ ጫፍ ብቻ ስለነበር እየተንሸራተተ አስቸገረ። ቢኒያም ትንሽ ጫን ያድርጉት እያለ ይለምነዋል፤ አጎቴ አይጫንም። አንተ በአንድ ትንፋሽ የያዝከውን እሱ ስንቴ ሲያስነሣቸው ዋለ። ደስ አለኝ። መጥፎ ነገር ነው፣ ግን ደስ አለኝ።

ሲሄዱ አላመሰገንኳቸውም። ከጣትህ ፎቶዎች አንዱን ብቻ በወረቀት እንዲያወጣልን ቢኒያምን ለመንኩት። የእናቴ ስልክ ባለ ባትሪዋ ናት፣ ፎቶ አይገባባትም። እሱ ደግሞ ፎቶውን በራሱ መስጠት እንደማይችል፣ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ጠይቆ እንደሚልክልን ነገረኝ። እንደሚልክልን። እናቴ አሁንም ከደባርቅ የሚመለስ ሰው ባየች ቁጥር የተላከ ነገር አለ ወይ ትላለች። ያንተን በሽታ ወርሳለች።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለአጎቴ ስልክ ደወለ። አለቃው የሆነችው ሴት ወስናለች። በስምህ ያለው ማኅደር አይጠፋም፤ ለሰው ሁሉ በሚታየው ቦታ ግን አይወጣም። ከውስጥ ይቀመጣል። ማየት የፈለገ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ይዞ፣ እዚያው ላይብረሪው ውስጥ ተቀምጦ፣ አምጡልኝ ብሎ ሲጠይቅ ብቻ ይከፈትለታል። አጎቴ ይህን ሲነግረን እንደ ትልቅ ነገር ነው። እናቴም ተመስገን አለች። እኔ ቤቱን ጥዬ ወጣሁ።

ባለፈው ገበያ ነጭ ሽንኩርት ይዤ ደባርቅ ወጣሁ። ከሸጥኩ በኋላ የኢንተርኔት ቤት ገባሁ፤ ደጃፉ ላይ ሦስት ጊዜ ተመልሼ ነው የገባሁት። ባለቤቱ የላይብረሪውን ገጽ ፈልጎ ከፈተልኝ። ገጹ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይመጣል፤ መጀመሪያ ቡናማው ቆዳ፣ ከዚያ ቀዩ ቀለም፣ ከዚያ ጥቁሩ። ጣትህ የነበረበትን ቦታ አውቀዋለሁ። እዚያ ደረሰ። ፊደል ብቻ ነው። ከዳርም እጅ የለም፣ ጨርቅ የለም፣ ምንም የለም። መጽሐፉ ማንም ሳይዘው አየር ላይ የቆመ ይመስላል። የሚያጠኑት ሰዎች እንዲህ ብቻውን የቆመ ይመስላቸዋል።

ጣትህ ሸፍኖት የነበረውን ቃል አነበብኩት። ፊደሉን አወቅሁት እንጂ ግዕዙ አልገባኝም። ለዚህ ነው አንተን ከቦታህ ያነሡህ ብዬ ቃሉን ተቀየምኩት። ኃጢአት ከሆነ አንተ አስታርቀኝ። ባለቤቱ ከኋላዬ መጥቶ የጥንት ነገር ትወጃለሽ እንዴ አለኝ። አልወድም አልኩት።

ስመለስ በቀጥታ ወደ ቤት አልገባሁም። ከመኪና ወርጄ መንገድ ላይ ትምህርት ቤታችን ገባሁና ርእሰ መምህሩን ጠየቅሁት፤ መስከረም ላይ መመለስ እችላለሁ። ስምንተኛን ከጀርባዬ ከነበሩት ልጆች ጋር እደግማለሁ። ይሳቁብኝ። እናቴ ትምህርት ናፈቀሽ ብላ ደስ ብሏታል፤ አልነገርኳትም። ትምህርት አልናፈቀኝም። ያንን የላይብረሪ በር የሚከፍተው የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ስለሆነ ነው። ከብቱን ጠዋትና ማታ እይዛለሁ፤ አጎቴም የላይኛውን ማሳ አርስላችኋለሁ ብሏል። ምን ያህል ዓመት እንደሚፈጅ አላውቅም። እነሱን የምጠላበት ጉልበት ግን እስከዚያ የሚያደርሰኝ ይመስለኛል።

እናቴ በጸሎቷ ታስብሃለች፤ ወንድምህ በቅዳሴ ስምህን ያነሣል። እኔ የማስብህ በዚህ ነው። አንድ ቀን እዚያ ቤት ገብቼ መታወቂያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። ስምህን ጠርቼ አምጡልኝ እላለሁ። የምርምርሽ ርእስ ምንድን ነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ርእስ የለኝም፣ አባቴን ላየው ነው የመጣሁት እላቸዋለሁ። ከዚያ እስኪዘጉ ድረስ እቀመጣለሁ፣ ሲዘጉም በማግሥቱ እመለሳለሁ። ሌላው ሰው ሁሉ ፊደሉን ያንብብ።

ልጅህ
ትርንጎ